ሰባተኛዋ ቁራጭ

ኦስተንድ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ባሻገር፣
የባሕሩ ነፋስ ጨው ተሸክሞ ሲያድር፣
እሑድ አራት ሰዓት ሱቄን ገና ስከፍት
ደረጃው ይንቋቋል ከላይኛው ቤት።
ጎደሊቭ ከፊት ናት፣ ኦክታፍ ከኋላዋ፣
እሷ ታላቅ እኅቱ፣ እሱ ደግሞ ጣጣዋ።
«አንድ!» ትለኛለች፣ ጣቷን ታሳያለች፣
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ትደረድራለች።
ምን አንድ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ከመደርደሪያው ጥግ አወርድላታለሁ፦
ቀይ ወረቀት ለብሳ፣ ብር ተከናንባ፣
ላይዋ ወተት ያለው ቸኮሌት፣ ሆዷ ውስጥ ፕራሊን፤
በእሳት የተቆላ ለውዝ ከስኳር ሐሩር ጋር
አብሮ ተፈጭቶ፣ አብሮ የከረመ ምሥጢር።
ሰባት ጉብታ አላት፣ ሰባት ብቻ።
ሦስት ለእሷ፣ ሦስት ለእሱ፣
አንዷ የጠብ መነሻ።

ጠቡ ግን ከቁጥር አይደለም፤ ከአበላል ነው።
ስልሳ ዓመት የቆየ፣ ፍርድ ያላገኘ ሙግት ነው።

እሱ ይቆረጥማል።
«ጆሮም ይብላ እንጂ!» ይላል፣ «ቸኮሌት ድምፅ አለው።
ቀጭ! ስትል ስሚያት፣ ማለዳ ጀልባ ላይ
የረጋ ውርጭ በጫማ ሲሰበር እንደምንሰማው።
ከዚያ ለውዙ ነው፣ መንጋጋ ስር ሲደቅ፤
ሳይታኘክ የሚበላ ሾርባ ነው፣ እሱን ለታመመ አቅርቢ።»

እሷ ታሟሟለች።
ምላሷ ላይ አስተኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
«ዝም በል» ትለዋለች፣ «እየመጣች ነው ገና።
መጀመሪያ ወተቱ ነው፣ ለብ ያለ፣ ዝግ ያለ፣
የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ላንቃ ላይ የዋለ።
ቀጥሎ ቅቤው ይፈታል፣ ግድግዳው ይናዳል፣
ፕራሊኑ በቀስታ ከጓዳ ይወጣል፤
የተቃጠለው ስኳር፣ ሊመር ብሎ የተወው፣
የምላስን ዳር ነክቶ ጣፋጩን የሚያስከብረው።
መጨረሻ ላይ ጨው አለ፣ የመርፌ ጫፍ ያህል።
አንተ በር ሰብረህ ገብተህ
ቤቱን ሳታይ ትወጣለህ!»

«አንቺ ደግሞ» ይላታል፣
«ቤቱ እስኪፈርስ ደጅ ትጠኛለሽ!»

ሰባተኛዋ ድሮ የአባታቸው ነበረች።
መርከብ ጎታች ጀልባ ነጂ ነበር፣ እጁ ገመድ የበላው።
ልጆቹ «እንዴት ነው የሚበላው?» ብለው ሲሟገቱ
ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ጎረሳት፤
ይቆርጥም፣ ያሟሟ፣ ማንም አላየው።
እሱ ካለፈ ወዲህ ለእኔ ትላካለች፣
በብር ወረቀቷ ተጠቅልላ፣ «ዳኛው ይፍረድ» ተብላ።
ለእሷም «ልክ ነሽ»፣ ለእሱም «ልክ ነህ» አልኩ፤
ጉቦው ከጣፈጠ ዳኛ ምን ይቸኩላል?

ባለፈው ጥቅምት ሐኪም የኦክታፍን ጥርስ ነቀለ፣
አንድ ሳያስቀር።
ሦስት እሑድ ደረጃው ዝም አለ።
በአራተኛው መጀመሪያ የወረደው እሱ ነበር፣
ጉንጩ እንደ ባዶ ቦርሳ ገብቶ፤ ጣቱን አነሳ።
ወደ ላይ አልወጡም። የድንች ሣጥን ላይ ተቀመጡ።
አንዷን ቁራጭ ምላሱ ላይ አኖረ፣
አማራጭ የሌለው ሰው እንደሚያደርገው፣ እየተኮሳተረ።
ትራም አለፈ። አንድ ደንበኛ ሽንኩርት ገዝቶ ወጣ።
ኦክታፍ አሁንም አልዋጠም።
ከዚያ ዓይኑ ተከፈተ፣
«ጨው አለ» አለ።
«ጎደሊቭ፣ ጨው አለ።»

«አላልኩህም?» ብትል ማን ይፈርድባታል?
ስልሳ ዓመት የጠበቀችው ቃል አፏ ላይ ነበር።
እሷ ግን አንድ ቁራጭ አነሳች፣ ተጠጋችው፣
ከንፈሯን ከጆሮው አጠገብ አድርጋ፣
በቀሯት ጥቂት ጥርሶች፣ ቅንድቧን በሕመም ሰብስባ፣

ቀጭ!

ድዱ እስኪታይ ሳቀ። «ድገሚው» አላት።
ደገመችው።

ሰባተኛዋን የዚያን ቀን ማንም አልተከራከረባትም፤
በእጄ አስጨብጠውኝ፣ ተደጋግፈው ደረጃውን ወጡ።
እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣
ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ ጎረስኳት።
እንዴት እንደበላኋት አልናገርም።